ሦስት ሞላና አንድ ባልጩት

በባልጩት የሚተኮስ የድሮ ሽጉጥ ሲያጋጥም የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው አፈሙዙ ላይ ነው። ቀጥሎ እጀታው ይስበዋል፤ እንጨቱ ጥሩ ከሆነና በተልባ ዘይት በደንብ ከታሸ ደግሞ እጅን ሳይቀር ይጠራል። የሞያው ሰዎች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ሽጉጡን ተቀብለው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ በቀኝ ጎኑ የተገጠመችውን መዳፍ የማትሞላ የብረት ዕቃ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ይስቡና ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ሁለት ጊዜ «ቀጭ» ማለት አለባት። ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ ወደ ሌላው ክፍል ያልፋሉ። የታፈነ ከሆነ፣ ወይም ብረት ብረትን ሲፍቅ ከተሰማ፣ አፈሙዙን እንኳ ሳያዩ ለባለቤቱ ይመልሱለታል።

ልክ ናቸው። አፈሙዝ አንድ ጫፉ የተደፈነ የብረት ቧንቧ ነው። እጀታ የተጠረበ እንጨት ነው። ያቺ ትንሽ ዕቃ፣ በዚህ ምዕራፍ መለኮሻ የምንላት፣ ግን ሙሉ ማሽን ናት፤ ሦስት ሞላ፣ ጥቂት ቪቴዎችና አንድ ቁራጭ ድንጋይ አላት። በቤቱ ጓሮ ሞርሳና ሞረድ ይዞ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ለመሥራት የተነሣ ሰው ጊዜውንም ትዕግሥቱንም የሚጨርሰው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ እኛም አብዛኛውን ገጽ ለእሷ እንሰጣለን። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እሳቱን ማድረስ

የባሩድ መሣሪያ ታሪክ ባብዛኛው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ እሳቱ በተፈለገበት ቅጽበት ባሩዱ ዘንድ እንዴት ይድረስ? የመጀመሪያው መልስ የሚጤስ ገመድ ነበር። ገመዱ ቀስ እያለ እንዲነድ ተደርጎ ይዘጋጃል፤ ምላጭ ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለው ፍም ባሩዱ ላይ ይወርዳል። በ1541 ከክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር ወደ አገራችን የመጡት 400 ገደማ ፖርቱጋሎች የያዙት ይህን ዓይነቱን ነፍጥ ነው። ዝናብ ሲጥል ገመዱ ይጠፋል፤ ሌሊት ፍሙ ከሩቅ ይታያል፤ ሽታው ደግሞ አድፍጦ የተቀመጠውን ሰው ያጋልጠዋል። ሽጉጥ የሚባል ነገር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ የሚነድ ገመድ መታጠቂያ ውስጥ አይሸጎጥምና።

ሁለተኛው መልስ ጎማ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ የተስፋፋው ይህ መሣሪያ በቁልፍ የሚጠመዘዝ ሞላና ጥርሳም የብረት ጎማ አለው፤ ጎማው እየተሽከረከረ የድንጋይ ቁራጭ ሲፍቅ ብልጭታ ይወጣል። በሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሥዕል ወረቀቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ንድፍ ይገኛል። ተጭኖና ተወጥሮ ሊቀመጥ የሚችል፣ በአንድ እጅ የሚተኮስ፣ ካባ ሥር የሚደበቅ መሣሪያ የተገኘው ያኔ ነው፤ ነገሥታቱም ወዲያው ክልከላ ማውጣት ጀመሩ። ብዙም አልለፉበትም፤ ከሕጉ ይልቅ ዋጋው ነበር የሚከለክለው። ጎማው፣ ሰንሰለቱና ቁልፉ የሰዓት ሠሪ እጅ ይፈልጋሉ፤ ተራው ወታደር አይገዛውም፤ ሲበላሽም የመንደር ቀጥቃጭ አይጠግነውም።

ሦስተኛው መልስ፣ የባልጩቱ መለኮሻ፣ የመጣው በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ግዛት ካለችው ከሊዚዩ ከተማ ነው። ማረን ለ ቡርዥዋ ሠዓሊ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪና ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥትም ይሠራል። በ1610ዎቹ ገደማ ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች የሞከሯቸውን ነገሮች አንድ ላይ አገጣጥሞ የመጨረሻውን ቅርጽ ሰጣቸው ተብሎ ይታመናል። ያደረገው ነገር ሁለት ነው። በፊት ለየብቻ የነበሩትን የባሩዱን መክደኛና ባልጩቱ የሚመታውን ብረት አንድ አካል አደረጋቸው። ሌላው ደግሞ ባልጩቱን የነከሰውን መቺ የሚይዘው ጥርስ ሁለት ደረጃ እንዲኖረው ማድረጉ ነው፤ አንዱ ለመያዝ፣ አንዱ ለመተኮስ። ያ ንድፍ ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት በላይ በመሠረቱ ሳይለወጥ ዓለምን ዞረ። ለሁለት መቶ ዓመት የማይሻሻል ማሽን የፈለሰፈ ሰው ስሙ ከአገሩ ውጭ አለመታወቁ ይገርመኛል።

በእኛ በኩል የገመዱ ነፍጥ ዕድሜ ረዘም ያለ ነበር። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የራስ ሚካኤል ስሑል ጦር በገመድ በሚለኮስ ነፍጥ ሲዋጋ አይቷል። ብሩስ በተኩስ ችሎታው ይመካ ነበርና ከራስ ሚካኤል ዘመድ ከገብረ መስቀል ጋር በነገር ተጋጨ። ጭቅጭቁን ለመጨረስ ያደረገውን ራሱ በመጽሐፉ ተርኮታል፦ በእርሳስ አረር ፈንታ ግማሽ የሞራ ሻማ ጠመንጃው ውስጥ ከቶ ሦስት ጋሻ በሳ፤ ቀጥሎም የሾላ ገበታ። ብሩስን የሚጠራጠሩ ሰዎች በዘመኑ ብዙ ነበሩ፤ ይህኛው ግን የሚቻል ነገር ነው። ሻማው ለስላሳ ቢሆንም በዚያ ፍጥነት የጋሻውን ቆዳ ሲያገኝ ለመጨፍለቅ ጊዜ የለውም።

ብልጭታው የማን ነው?

የመለኮሻው አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። መቺው በሁለት መንጋጋው መካከል በቆዳ ቁራጭ የተጠቀለለ ባልጩት ነክሷል። ከፊቱ በማጠፊያ የቆመ የብረት ክዳን አለ። ክዳኑ ከሥሩ ያለችውን ጎድጓዳ ሳህን ይሸፍናል፤ ሳህኗ ውስጥ አንድ ቁንጥር ደቃቅ ባሩድ ተቀምጧል። ምላጩ ሲሳብ መቺው ይለቀቅና ባልጩቱ የክዳኑን ፊት ከላይ ወደ ታች እየፋቀ ይወርዳል። ክዳኑ በምቱ ወደ ፊት ይገለበጣል፤ ብልጭታው በተከፈተችው ሳህን ላይ ይዘንባል፤ ባሩዱ ቦግ ይላል፤ እሳቱም በአፈሙዙ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ዋናውን ባሩድ ያገኘዋል። ከምላጩ እስከ ተኩሱ ያለችው ጊዜ ከሰከንድ ያነሰች ናት፤ ነገር ግን ተኳሹ ይሰማታል፤ እጁን ካላጸና ዒላማውን የሚስተው በእሷ ውስጥ ነው።

አሁን ብልጭታው ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከድንጋዩ ነው ይላል። አይደለም። ባልጩት አይነድም። የሚነደው ብረቱ ነው። የባልጩቱ ስለት ከክዳኑ ፊት ላይ በዓይን የማይለዩ የብረት ፍቅፋቂዎችን ይልጣል። ብረት በአንድ ላይ ሲሆን ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ይዝጋል፤ ደቆ ሲበተንና በፍትጊያው ሲግል ግን ያው ዝገት በቅጽበት ይፈጸማል፤ ብልጭታ የምንለው ይኸው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተኩስ የሚበላው ክዳኑ ነው፤ ባልጩቱም ይደንዝና ከጥቂት አሥር ተኩስ በኋላ ይሳላል ወይም ይለወጣል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የሠሪውን ሕይወት የሚያከብደው ነው። ክዳኑ ለስላሳ ከሆነ ባልጩቱ ይቦጭቀዋል፤ ብልጭታ ግን አይወጣም፤ ብረቱ በትልቅ በትልቁ ይላጣልና ለመጋል አይበቃም። ከመጠን በላይ ጠንካራና ተሰባሪ ከሆነ ደግሞ ባልጩቱ ይንሸራተትበታል፤ ወይም ክዳኑ ራሱ ከሁለት ይሰነጠቃል። የሚፈለገው ፊቱ እንደ ሞረድ የጠነከረ፣ ጀርባው ግን የሚታገሥ ብረት ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን ያገኙት በአጥንት ነው። ለስላሳውን ብረት በሞረድ ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ከተከሰለ አጥንትና ቆዳ ጋር ብረት ሣጥን ውስጥ ከተው አፉን በጭቃ ይመርጉታል። ሣጥኑ ቀልቶ ለሰዓታት በከሰል እሳት ውስጥ ይቆያል። በዚያ ሙቀት ካርቦን ከአጥንቱና ከቆዳው ወጥቶ ወደ ብረቱ ገጽ ይሰርጋል፤ ጠልቆ የሚገባው ከሚሊሜትር የማይበልጥ ቢሆንም ይበቃል። ከዚያ ሣጥኑ ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውሃ ይዘረገፋል። ፊቱ ጠንካራ፣ ልቡ ለስላሳ የሆነ ብረት ይወጣል፤ አንዳንዴም ላዩ ላይ ሰማያዊና ቡናማ ደመና ይቀራል፤ ሰብሳቢዎች ለዚህ ቀለም ገንዘብ ይከፍላሉ።

ጨለማ ክፍል የዚህ ሥራ መፈተኛ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ባዶው መለኮሻ ያለ ባሩድ ይለቀቃል። ብልጭታው ደብዝዞ ቀይ ከሆነና አየር ላይ ከሞተ ክዳኑ ተመልሶ እሳት ይገባል። ነጣ ያለ ከሆነና ሳህኗ ውስጥ ወድቆ ለአፍታ «ቺስ» ካለ መልካም ነው። ይህን ድምፅ ለመስማት ሳምንታት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ሲሰሙትም እንደ ልጅ ይደሰታሉ።

ድንጋዩም ቢሆን ከመሬት የተነሣ ሁሉ አይሆንም። እንግሊዝ ለሠራዊቷ የሚሆነውን ባልጩት ባብዛኛው ያገኘችው በሳፈክ አውራጃ ካለችው ከብራንደን ነው። አጠገቧ ያለው ግራይምዝ ግሬቭዝ የተባለ ቦታ ሰዎች ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ባልጩት ያወጡበት የጉድጓድ መንደር ነው። የብራንደን ፈላጮች ድንጋዩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ይሰነጥቁታል፤ በጥቂት ምት አንድ ወጥ ስለት ያለው ቁራጭ ይወጣል። ትቢያው ግን ሳንባቸውን በላው፤ ከመካከላቸው ለእርጅና ሳይደርሱ የሞቱት ብዙ ናቸው። በአገራችን ደግሞ ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚያለፉ እናቶች እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ባልጩት እየፈለጡ መፋቂያ ሲሠሩ በተመራማሪዎች ተጠንቷል። ድንጋዩን የት ላይ ቢመቱት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ማወቅ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ዕውቀት ነው።

ሞላ ያለ መከራ አይገኝም

መለኮሻው ሦስት ሞላ አለው ብለናል። ትልቁ መቺውን የሚያስፈነጥረው ነው፤ እንደ ወረንጦ ከመካከሉ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት። ሁለተኛው ትንሽ ሲሆን መቺውን ወጥሮ የሚይዘውን ምላስ ወደ ጥርሱ ይገፋል። ሦስተኛው ከውጭ ያለ ነው፤ ክዳኑን ተዘግቶ እንዲቆይ ይጫነዋል፤ ሲመታም እንዲከፈት ይለቀዋል።

ሦስቱ መስማማት አለባቸው። ዋናው ሞላ በጣም ከበረታ ባልጩቱን ያደቀዋል። ከደከመ መቺው ክዳኑን መግፋት ያቅተውና መንገድ ላይ ይቆማል። የክዳኑ ሞላ ከበረታ ክዳኑ አይከፈትም፤ ከላላ ደግሞ ባልጩቱ ሳይፍቀው ቀድሞ ይሸሻል፤ አንዳንዴ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ባልጩቱ ላይ ይወድቅና ስለቱን ይሰብረዋል። ይህን በስሌት ወረቀት ላይ ለመጨረስ የሞከሩ አሉ። ከሞረድ ግን አያድናቸውም፤ ሞላው ትንሽ ይፋቃል፣ ይሞከራል፣ እንደገና ይፋቃል።

ሞላ አሠራር የአገራችን ቀጥቃጭ ግማሹን ያውቀዋል። ቢላና ማጭድ የሚሠራው ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነው፤ አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል። ከእሳት ወጥቶ ወዲያው የተነከረ ብረት ግን ጠንካራ ብቻ ነው፤ ሞላ ሊሆን አይችልም። ገና በመጀመሪያው መታጠፍ እንደ ብርጭቆ ጠርቅ ብሎ ይሰበራል። ቀሪው ግማሽ እንደገና ማሞቅ ነው፤ በቀስታ፣ በልክ።

ልኩ የሚነበበው በቀለም ነው። የተነከረውን ብረት አጥርተው ካበሩት በኋላ ቀስ እያሉ ሲያሞቁት ላዩ ላይ ቀጭን የዝገት ሽፋን ይፈጠራል፤ ሽፋኑ ሲወፍር ቀለሙ ይለወጣል። ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ የጢም መላጫና ቢላ ለመሳል የሚፈለገው ይህ ነው። ወደ 260 ቡናማ፣ ወደ 280 ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ሞላ የሚፈልገው ሰማያዊውን ነው። ከቀለም ወደ ቀለም ያለው ርቀት ጥቂት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ሰማያዊውን አልፎ ግራጫ ሲሆን ወፍራሙ ገና ቢጫ ላይ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የተገኘው ብልሃት በጣም ደስ ይለኛል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው። ሞላውን ቀልጦ ገና ሊረጋ በደረሰ እርሳስ ውስጥ ካቆዩት ወፍራሙም ቀጭኑም ክፍል አንድ ሙቀት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ማለፍ አይችልም። ቴርሞሜትር በሌለበት ዘመን ብረቱን የሚለካ ሌላ ብረት ማለት ነው። ጭሱ መርዛም ነው፤ ያኔ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ቤቱ ውስጥ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ምክንያት የለውም።

ከሞላው ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጥርሱ ነው። መቺው በውስጥ በኩል ከአንድ ክብ ብረት ጋር ተያይዟል፤ ክቡ ብረት ላይ ሁለት ጥርስ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ጥልቅ ነው፤ ምላሱ እዚያ ከገባ ምላጩን ቢስቡትም አይለቅም። ሽጉጥ ተጭኖ ወገብ ላይ የሚታሰረው በዚህ ደረጃ ነው። ሁለተኛው ጥልቀት የሌለው ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይለቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሞረድ ጥቂት ምት ነው፤ የመጀመሪያው ጥርስ ሲበላ ሽጉጡ ባለቤቱን ራሱን የሚመታ ይሆናል። በመክፈቻው ላይ ያልኳቸው ሰዎች በጆሯቸው የሚፈልጉት እነዚህን ሁለት ጥርሶች ነው።

የሁለተኛው ጥርስ ቅልጥፍና የታሪክ ክርክር ሁሉ አስነሥቷል። ሐምሌ 11 ቀን 1804 ከኒው ዮርክ ማዶ፣ ዊሃውከን በተባለ ቦታ፣ የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በር ፖለቲከኛውን አሌክሳንደር ሃሚልተንን በሽጉጥ ግጥሚያ ገደለው። ሽጉጦቹ ለንደን ውስጥ በዎግደንና ባርተን የተሠሩ ሲሆኑ ባለቤታቸው የሃሚልተን ሚስት እህት ባል ነበር። በ1976 አምሳያቸውን ለመሥራት ሲመረመሩ ምላጩን እጅግ ቀላል የሚያደርግ ስውር መሣሪያ ተገኘባቸው። ሃሚልተን ሳያውቅ ቀድሞ ተኮሰ ወይስ አውቆ አየር ላይ ተኮሰ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ይህችን ቁራጭ ብረት ሳይጠቅስ አያልፍም።

እንጨቱና አፈሙዙ

አፈሙዙን በአጭሩ እናልፋለን። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪ ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳ በዘንግ ዙሪያ ጠቅልሎ፣ ነጭ እስኪሆን አግሎ፣ በመዶሻ እየመታ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር ያጣብቃል፤ ትንሽ ትንሽ እያደረገ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከዚያ ውስጡ ይፈለፈላል። አንድ ቦታ ላይ አመድ ገብቶ ስፌቱ ካልተያያዘ ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው ሲተኮስ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ሲሉ መፈተኛ ቤት አቋቋሙ፤ የለንደኑ የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ቻርተር ያገኘው በ1637 ነው፤ በርሚንግሃም የራሷን ያገኘችው በ1813 በወጣ ሕግ ነው። አፈሙዙ ከመደበኛው በላይ ባሩድ ተሞልቶ ሰው በሌለበት ይተኮሳል፤ ከተረፈ ማኅተም ይመታበታል። ይህ አሠራር ዛሬም አለ።

እንጨቱ ሌላ ዓለም ነው። አውሮፓ ውስጥ ዋልነት፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜፕል ይመረጣል። አስቸጋሪው መልኩን ማሳመር አይደለም፤ መለኮሻውን እንጨቱ ውስጥ መቅበር ነው። መሮ የያዘ ሰው በመብራት ጭስ ብረቱን ያጠቁራል፤ ጥላሸት የለበሰውን ብረት እንጨቱ ላይ ጭኖ ያነሣል፤ እንጨቱ ላይ ጥቁር ያለበት ቦታ ሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ እሱን ብቻ በስሱ ይፍቃል። ደግሞ ያጠቁራል፣ ይጭናል፣ ያነሣል፣ ይፍቃል። መጨረሻ ላይ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ወረቀት አይገባም። በጉልበት የተገፋ አንድ ምት ግን የሳምንቱን ሥራ ያበላሻል፤ ከእንጨት የተነሣ እንጨት አይመለስም። ጥላሸት ለእንጨት ሠሪ እንዲህ ያለ መምህር መሆኑን የማያውቁ ብዙ የቤት ዕቃ ሠሪዎቻችን ቢሞክሩት ይጠቅማቸዋል።

ሁሉን በአንድ እጅ

አንድ ነገር መስተካከል አለበት። የድሮ ጠመንጃ ሠሪ ሁሉንም ብቻውን ይሠራ ነበር የሚለው ሐሳብ ያማረ ቢሆንም ባብዛኛው እውነት አይደለም። በርሚንግሃም ውስጥ አፈሙዝ የሚያጣብቀው ሌላ፣ መለኮሻ የሚሞርደው ሌላ፣ ሞላ የሚሠራው ሌላ፣ እንጨት የሚገጥመው ሌላ ነበር፤ ስሙን የሚቀርጸው ባለ ሱቅ አንዳንዴ መዶሻ አንሥቶ አያውቅም። የአሜሪካዋ የፔንሲልቬኒያ ሠሪዎችም ብዙዎቹ መለኮሻውን ከእንግሊዝ አስመጥተው ይገጥሙ ነበር። እንደ ደውን ያሉ የስኮትላንድ መንደሮች ይለያሉ፤ ቶማስ ካዴል በ1646 እዚያ ተቀምጦ የጀመረው ሙያ እጀታቸው ሳይቀር ከብረት የሆነ ሽጉጦችን አፍርቷል።

ሙያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞተ። የገደለውም አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ ነው፤ ወፍ አደን ይወድ ነበር፤ ወፎቹ የሳህኗን ብልጭታ አይተው ጥይቱ ሳይደርስ ይበራሉ። ተናደደና ሲመታ በሚፈነዳ ኬሚካል የሚለኮስ አዲስ መንገድ ፈልስፎ በ1807 ፓተንት አወጣ። ከእሱ የመነጨው የመዳብ ቆብ በ1840ዎቹ ባልጩቱን ከሠራዊቶች እጅ አስወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉበት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ሽጉጥም በቆብ የሚተኮስ ነበር።

ሥራው እንደገና የተነሣው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ በባለጸጋው በሮክፌለር ገንዘብ ታድሶ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ሆኖ የቆመ ሙዚየም ነው። እዚያ በ1960ዎቹ ዋና ጠመንጃ ሠሪ የሆነው ዋላስ ጋዝለር ከጥሬ ብረትና ከግንድ ተነሥቶ፣ በዘመኑ መሣሪያ ብቻ፣ ሙሉ ጠመንጃ በመሥራት በዘመናችን የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። የሚያስተምረው ሰው አልነበረም፤ ያነበበው አሮጌ ጠመንጃዎችን ነው፤ በውስጣቸው የቀረውን የሞረድ ጭረት እያየ የትኛው እጅ በየት በኩል እንዳለፈ መረመረ። ሥራውን የሚያሳየው፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ዴቪድ ብሪንክሊ የተረከው ዘጋቢ ፊልም በ1969 ወጣ፤ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሥራ የተጠመደ ሰው ሁሉ አይቶታል ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ጋራዥ የሚሠራው አሜሪካዊ ብዙ ነው። የ1968ቱ የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ በባልጩት የሚተኮስን መሣሪያና አምሳያውን ከጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጥረው በፌዴራል ደረጃ እንደ ዘመናዊ ሽጉጥ አይታይም፤ የክልል ሕጎች ግን ይለያያሉ። አብዛኛው ሠሪ አፈሙዙን ከፋብሪካ ይገዛል፤ የመለኮሻውን ክፍሎች በቅርጽ የፈሰሱ ሆነው ያገኛቸዋል፤ እሱ የሚሞርድ፣ የሚያጠነክርና እንጨቱን የሚቀርጽ ነው። ይህን «የእጅ ሥራ አይደለም» ብለው የሚያጣጥሉ አጥባቂዎች አሉ። እኔ አልስማማም። አፈሙዝ መግዛት የድሮዎቹም ልማድ ነበር፤ ሰው ሕይወቱን በገዛ እጁ ባጣበቀው ስፌት ላይ ከሚጥል የተፈተነ ቧንቧ ቢገዛ ብልህ ነው። መለኮሻውን ሳይነካ ዝግጁ የገዛና እንጨቱን ብቻ ቀብቶ «ሠራሁት» የሚለው ግን ሽጉጥ አልሠራም፤ ሽጉጥ ገጠመ።

አንባቢዬ ይህን አንብቦ እጁን ቢበላው አልፈርድበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነገሩን በፈቃድ ሥር አድርጎታል፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢሆን፣ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሽጉጡን ተዉት። ብልጭታውን ግን ማየት ትችላላችሁ። የደነዘዘ አሮጌ ሞረድ ፈልጉ፤ ጥርሱን በድንጋይ አጥፍታችሁ ጠርዙን አለስልሱት። ስለት ያለው ባልጩት በሌላው እጃችሁ ያዙ፤ መነጽር አድርጉ፤ መብራቱን አጥፉና የሞረዱን ጠርዝ በባልጩቱ ስለት ላይ ወደ ታች አንሸራትታችሁ ምቱት። የሚበረው ብርሃን የሚነድ ብረት ነው። ከዚያ ያንኑ ሞረድ እሳት ውስጥ አግላችሁ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተዉትና በማግስቱ ሞክሩት፤ ብልጭታው ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ልትመልሱት ብትፈልጉ ሰፈራችሁ ያለውን ቀጥቃጭ ጠይቁት፤ እሱ ያውቃል።